ወንበር የሚደረድር ደራሲ

ስለ አንድ ደራሲ ሕይወት ስንጽፍ የተወለደበትን ቀዬ፣ የተማረበትን ቤትና ያሳተማቸውን መጻሕፍት እንዘረዝርና እንጨርሳለን። አዳራሽ ፍለጋ ደጅ የጠናበት፣ ተዋናይ ያሠለጠነበት፣ የሌላ ሰው ግጥም ለጆሮ እንዲበቃ የደከመበት ዘመን ግን አንድ አንቀጽ ካገኘ ብዙ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። የአማርኛ ግጥምና ተውኔት እዚህ የደረሰው ጸሐፊው ራሱ ሰው ሰብስቦ፣ መድረክ አደላድሎ፣ ቃሉን በድምፅ ስላሰማው ነው። የኪነ ጥበብ ምሽት ማዘጋጀት ጥሩ ጆሮ ያለው ጸሐፊ ብቻ በወጉ የሚሠራው ድርሰት ነው ብዬ አምናለሁ። እንዴት እንደሚሠራ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚበላሽ፣ ለምን እንደሚበላሽ በዝርዝር ማየት ይገባናል።

ከዮፍታሔ ንጉሤ ልጀምር፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ከ1887 እስከ 1939 የኖረው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ የጎጃሙ ደብረ ኤልያስ ያፈራው የቅኔ ሰው ነው። ቅኔ ቤት ለተማሪው የሚሰጠው አንድ ጥብቅ ልማድ አለ፤ የተቆጠረው ቅኔ በሰው ፊት በቃል ይነገራል፣ ሰሚው በዚያው ቅጽበት ካልያዘው ያልፈዋል። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት በሁለት ቤት (በሁለት መስመር) ይዘጋል፣ መወድስ በስምንት። ሐሳብ ቢተርፍ እንኳ ቤት አይጨመርለትም። ዮፍታሔ ይህን ጆሮ ይዞ አዲስ አበባ ገባና በዘመናዊ ትምህርት ቤት ልጆች ላይ አዋለው። ተውኔቱን ይጽፋል፣ መዝሙሩን ይደርሳል፣ ያስጠናል፣ ልጆቹን መድረክ ላይ ያቆማል። እርሱ ግጥሙን፣ «አርባ ልጆች» ከተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር ወደ አገራችን የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የደረሱት መዝሙር እስከ 1967 ድረስ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆይቷል። ለብዙ ሰው ጉሮሮ ቃል መስፋት ከጠረጴዛ ሳይነሱ የሚሆን ነገር አይደለም። ሳድስ የተደራረበበት ቃል ረጅም ድምፅ አይሸከምም፤ ራብዕና ሳብዕ ይሸከማሉ። ይህን ደግሞ የሚያስተምረው ሲዘመር መስማት ነው።

ወረራው ሲቃረብ በ1927 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር ይህንኑ ልማድ ከትምህርት ቤት ግቢ አውጥቶ አደባባይ አደረሰው። በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመው ማኅበር ሕዝቡን በንግግር፣ በግጥምና በመዝሙር ሲያነሳሳ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር ቲያትር ሆኖ ቀጠለ። ዮፍታሔ በወረራው ዘመን ሱዳን ተሰዶ፣ ከድሉ በኋላ ተመልሶ እንደገና ለመድረክ ጽፏል። የዚያ ትውልድ ጸሐፊ ብዕሩን ከመድረኩ ለይቶ አያውቅም ነበር።

ከእርሱ ቀጥሎ የማነሳው ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ነው (1928–1998)። አምቦ አካባቢ ተወልዶ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለንደንና ፓሪስ የቲያትር ቤት አሠራር ተምሮ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ በነበረበት ጊዜ የጥበብ ሥራውን መርቷል። ቤቱ በ1948 የተከፈተ፣ ከ1,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ ነው። እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ ቃል ከመድረክ ተነስቶ የመጨረሻው ረድፍ ላይ እስኪደርስ ብዙ ይባክናል። የግጥም መምህራን «የጸጋዬ ቤት» የሚሉት ስንኝ በሁለት ሐረግ ስምንት ስምንት ቀለም (ሲነበብ የሚቆጠር ድምፅ)፣ በድምሩ 16 ቀለም ይይዛል። ከዚያ በፊት የለመድነው ወል ቤት ስድስት ስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ ቡሄ በሉ አራት አራት ነው። በእኔ ግምት ያ የረዘመ ስንኝ ከቲያትር ቤት ሥራው ተለይቶ አይታይም። ተዋናይ መሐል ላይ ትንፋሽ ወስዶ ሐሳቡን እስከ ዳር የሚገፋበት ስፋት ያስፈልገዋል፤ አጭሩ ስንኝ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ይዘጋና እንደ ቁርጥራጭ ይሰማል። ቲያትር ቤቱን የሚመራው ሰው የስንኙን ልክ የሚወስነው ሰው ሆነ ማለት ነው።

የዛሬው ደራሲና አዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከ80 እስከ 250 ሰው በሚይዝ የሆቴል አዳራሽ፣ የባህል ማዕከል ወይም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሥራው ቀን ከመምረጥ ይጀምራል። ቀኑ በየወሩ አንድ ዓይነት ይሁን። ራስ ሆቴል ይካሄድ የነበረው ግጥም በጃዝ ወር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ መሆኑን ታዳሚው በቃሉ ይዞት ስለነበር ማስታወቂያው ግማሽ ሥራውን ጨርሶ ይጠብቅ ነበር። ቀኑ በተቀያየረ ቁጥር ግን ታዳሚ እንደ አዲስ መለመን ይጀመራል። ደመወዝ ከወጣ በኋላ ያለው ሳምንት ለትኬት ይሻላል። የበዓል ዋዜማ፣ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ሳምንትና ትልቅ የእግር ኳስ ጨዋታ ያለበት ማታ አዳራሽ ያራቁታሉ። ዐቢይ ጾም ውስጥ ብዙ ሙዚቀኛም ብዙ አድማጭም ዓለማዊ ዘፈን አይፈልግም፤ ያን ጊዜ ባንዱን አስቀርቶ በገና ደርዳሪ መጋበዝ ምሽቱን ክብር ይሰጠዋል፣ በገና ድሮም የዚያ ወቅት መሣሪያ ነው። በረመዳን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት፣ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ውስጥ፣ ከዝግጅቱ መጀመሪያ ጋር ይጋጫል። ወይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል መጀመር፣ ወይ ለማፍጠሪያ 20 ደቂቃ አስቀድሞ መመደብ ነው። ይህን ያላሰበ አዘጋጅ ከታዳሚው ግማሹን ሳያውቅ ውጭ ያስቀራል።

አዳራሽ ሲመረጥ ሰው የሚያየው የወንበሩን ብዛትና የኪራዩን ዋጋ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ጣራውን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ግጥም ማንበብ አይቻልም፤ ዝናቡ ሲበረታ የማይኩን ድምፅ ቢጨምሩት ጫጫታው ብቻ ይጨምራል። ቀጥሎ መብራት ነው። ጀነሬተር «አለ» መባሉ አይበቃም፤ ማን እንደሚያስነሳው፣ ነዳጁን ማን እንደሚሞላ፣ መብራት ከሄደ በስንት ደቂቃ እንደሚነሳና የመድረኩን መስመር እንደሚይዝ ወይም እንደማይዝ መጠየቅ አለበት። ብዙ ቦታ ጀነሬተሩ የሚይዘው ወጥ ቤቱንና ኮሪደሩን ብቻ ነው። ከጎን የምግብ አዳራሽ ካለ በየት በኩል የሳህን ድምፅ እንደሚገባ ምሽት ላይ ሄዶ ማዳመጥ ይጠቅማል፤ ቀን የታየ አዳራሽ ማታ ሌላ ነው። ወንበሩን ደግሞ ከታሰበው ሰው 20 በመቶ አሳንሶ መደርደርና ትርፉን ከኋላ ደራርቦ ማቆየት ይሻላል። 60 ሰው በ60 ወንበር ላይ ሙሉ አዳራሽ ነው፤ በ150 ወንበር ላይ ግን አንባቢውን የሚያሸማቅቅ ባዶነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጽሑፉ ልግባ። ብዙ ምሽቶች የሚበላሹት እዚህ ነው። ግጥም ድምፅ ወጥቶ ሲነበብ የሚወስደው ጊዜ ይለካል። በተረጋጋ ንባብ ወል ቤት አንድ ስንኝ 4 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ የጸጋዬ ቤት 5 ሰከንድ። 40 ስንኝ ያለው ወል ቤት ርእሱና በየአንቀጹ ያለው ዝምታ ተጨምሮ 3 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ዝርው ጽሑፍ በአማርኛ በደቂቃ ከ90 እስከ 110 ቃል ይነበባል፤ ስለዚህ 10 ደቂቃ የተሰጠው የአጭር ልቦለድ ደራሲ 1,000 ቃል ይዞ ይምጣ ማለት ነው። ለአንባቢ «አጠር አድርጋችሁ አምጡ» ማለት ምንም አይለካም፤ ለአንዱ አጭር ማለት 3 ደቂቃ ነው፣ ለሌላው 15። «7 ደቂቃ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ግጥም፣ ጽሑፉ ከ10 ቀን በፊት ይድረሰን» የሚለው ግልጽ ነው። ጽሑፉ ሲደርስ አዘጋጁ ድምፅ አውጥቶ በሰዓት ያነብበዋል። ይህን የሚያደርገው ለሰዓቱ ብቻ አይደለም። ሁለት አንባቢ ስለ እናት ሞት፣ ሦስት አንባቢ ስለ ስደት ይዘው መምጣታቸው የሚታወቀው እዚህ ነው፤ በዚያው ማታ ከታወቀ መላ የለውም። ደግሞ ሲነበብ ምላስ የሚያስር ቃል ከተገኘ ለገጣሚው ቀስ ብሎ መንገር ይቻላል። ጥሩ አርትዖት ሲባል ከዚህ የተለየ ነገር አላውቅም፤ ደራሲ የሆነ አዘጋጅ ከሌላው አዘጋጅ የሚበልጠውም በዚህ ነው።

የሚነበበው ወረቀት ራሱ ሥራ ይፈልጋል። በመድረክ መብራት ሥር ከ16 ነጥብ ያነሰ ፊደል ዓይን ያደክማል፤ መስመሮቹ መካከል አንድ ተኩል ክፍተት ይኑር፣ አንድ አንቀጽ ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር፣ ወረቀቱ በአንድ ወገን ብቻ ይታተም፣ ገጾቹ በእስፒል ሳይያያዙ ቁጥር ይጻፍባቸው። ስልክ ላይ ማንበብ ዛሬ ተለምዷል፤ እኔ አልመክረውም። ስክሪኑ መሐል ላይ ይጠፋል፣ መልእክት ይገባል፣ ጣት ሲነካው ገጹ ይዘልላል፣ ብርሃኑም ፊትን ከታች ያበራና አንባቢው ከታዳሚው ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይገናኝ ያደርገዋል። ግጥሙን ከገጣሚው ሌላ ሰው የሚያነበው ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ ገጣሚው «ገና» ብሎ በዓሉን ሲጽፍ አንባቢው «እስካሁን» ብሎ ሊያነብበው ይችላል፤ ስንኙም ሐሳቡም ይሰበራል። መዝገበ ቃላት ውስጥ እንደምናየው በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ይበቃል። ገጣሚው ራሱ ነጥቡን ያድርግ፤ አዘጋጁ ገምቶ አያድርግለት።

የሁለት ሰዓት ምሽት፣ የሻይ ዕረፍቱ ሳይቆጠር፣ 120 ደቂቃ አለው። ሰባት አንባቢ በሰባት ደቂቃ 49፣ ሦስት ሙዚቃ በስድስት ደቂቃ 18፣ አንድ ዝርው ንባብ 10፣ አንድ የክብር እንግዳ 15፣ መድረክ መሪው በድምሩ 10 ቢወስዱ 102 ደቂቃ ይሆናል። የቀሩት 18 ደቂቃዎች ለጭብጨባ፣ ለመውጣትና ለመውረድ፣ ለመዘግየት ናቸው፤ እነርሱን በሌላ አንባቢ ለመሙላት መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው። «እገሌም ሊያነብ ይፈልጋል» ሲባል እምቢ ማለት የሚከብደው አዘጋጅ መጨረሻ ላይ ያለችውን ገጣሚ ይበድላታል፤ እርሷ ስትወጣ ሰው ታክሲ እንዳያመልጠው ቦርሳውን እያነሳ ነው። የመጨረሻ አንባቢ የሚደረገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልቁ ስም ነው። እኔ ትልቁን ስም ከዕረፍቱ ቀጥሎ ማስቀመጥን እመርጣለሁ። ሰው ከሻይ የሚመለሰው ለእርሱ ብሎ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ያሉትም ሙሉ አዳራሽ ያገኛሉ። የመጀመሪያው አንባቢ ድምፁ የማይንቀጠቀጥ፣ ግጥሙ ግልጽ የሆነ ይሁን፤ ታዳሚው ገና ወንበሩን እየፈለገ ነውና ረቂቅ ግጥም እዚህ ቦታ ላይ ይባክናል። ከባድ ኀዘን ያለበት ግጥም ካለቀ በኋላ ወዲያው ቀልድ ማስገባት ሁለቱንም ይገድላል። መሐላቸው ቃል የሌለው ዋሽንት ሁለት ደቂቃ ቢነፋ ይበቃል።

ሰዓቱን የሚሰብረው አብዛኛውን ጊዜ የክብር እንግዳው ነው። 15 ደቂቃ የተባለ ንግግር 40 ይሆናል፤ በዕድሜ የገፉ የተከበሩ ሰው ሲሆኑ ማን ያቋርጣቸዋል? መፍትሔው ከመድረክ በፊት ነው። «ንግግር ያድርጉልን» ብሎ ከመጋበዝ ይልቅ ሦስት ጥያቄ አስቀድሞ በጽሑፍ መላክና መድረክ ላይ ከወጣት ጸሐፊ ጋር ወንበር ለወንበር አስቀምጦ ማወያየት ነው። ጥያቄ ራሱ ያቋርጣል፣ በአክብሮት። መድረክ መሪውም ግጥሙን ለታዳሚው አስቀድሞ ከመተርጎም ይታቀብ፤ የአንባቢውን ስም በትክክል ይጥራ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበል፣ ይውረድ። ከግጥሙ በኋላ «እንዴት ደስ ይላል፣ በድጋሚ ጭብጨባ» የሚለው ልማድ ግጥሙ ገና አየር ላይ ሳለ ያባርረዋል።

ድምፅን በተመለከተ ማይኩ ከአፍ አራት ጣት ያህል ይራቅ፣ ከፊት ለፊት ትንሽ ዘወር ይበል። ፐ፣ ጰ እና በ በቀጥታ ማይክ ላይ ሲፈነዱ ጆሮ ይመታሉ፤ ዘወር ያለ ማይክ ትንፋሹን ያሳልፈዋል። ስፒከሮቹ ከማይኩ ፊት፣ ወደ ታዳሚው ዞረው ይቁሙ፤ ከኋላው ከሆኑ ፉጨቱ አይቀርም። የድምፅ ሙከራ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስለሚደረግ ያሳስታል። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፣ ሰው የሞላበት ክፍል ግን ድምፁን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ባለሙያው ሰው ከገባ በኋላ የመጀመሪያው አንባቢ ላይ እንደገና ያስተካክል። አጭር አንባቢ ከረጅሙ ቀጥሎ ሲወጣ ማይኩን ዝቅ የሚያደርግ አንድ ሰው መድረኩ ዳር ይመደብ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ጀማሪ ገጣሚ ከማይክ ማቆሚያ ጋር ሲታገል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ይጠፉበታል።

ግጥም ከሙዚቃ ጋር ሲነበብ ሙዚቀኛው ቃሉን አስቀድሞ ማንበብ አለበት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜም አብረው መለማመድ አለባቸው። ክራሩ ከአንባቢው ድምፅ በግልጽ ዝቅ ይበል፤ ታዳሚው ቃል ለመያዝ ፊቱን ከቋጠረ ሙዚቃው በዝቷል ማለት ነው። አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስሜት ይዘው ይመጣሉ። ለሁሉም ግጥም ትዝታ መደርደር ዛሬ ልማድ ሆኗል፤ ውጤቱም ቁጣውም ፍቅሩም ጥያቄውም ሁሉ ናፍቆት ሆኖ መቅረቱ ነው። የቁጣ ግጥም ያለ ምንም መሣሪያ፣ ወይም በከበሮ ብቻ ቢነበብ ይሻለዋል። ሌላው ስሕተት በግጥሙ ሥር የታወቀ ዘፈን ዜማ መጫወት ነው። አድማጩ ሳይወድ በግዱ የዘፈኑን ቃል በልቡ ይዘፍናል፣ ግጥሙን አይሰማም። ሙዚቀኛውን «ዜማ ሳይሆን ቅኝቱን ብቻ እየተመላለስክበት ቆይ» ማለት ይበቃል። የክራርና የማሲንቆ አውታር በመብራት ሙቀት ቅኝቱን ይስታልና በር ከመከፈቱ 15 ደቂቃ በፊት የተቃኘው በዕረፍት ላይ እንደገና ይቃኝ።

ገንዘብን በአጭሩ። ወጪው አዳራሽ፣ ድምፅ፣ ሙዚቀኛ፣ አንባቢ፣ ኅትመት፣ ትራንስፖርትና ቀረጻ ነው። በጀቱ ውስጥ እጅ የገባ ገንዘብና ቃል የተገባ ገንዘብ በተለያየ ዓምድ ይጻፉ፤ ውል የሚፈረመው በመጀመሪያው ዓምድ ልክ ብቻ ነው። ስፖንሰር «እናስብበታለን» ያለው ወደ ሁለተኛው ዓምድ እንኳ አይገባም። አንባቢ ሳይከፈለው ፖስተር በቀለም መታተሙ ያስቆጣኛል። ክፍያው ትንሽ ቢሆን እንኳ ለሁሉም አንባቢ እኩል ይሁን፣ በፖስታ ታሽጎ ከመድረክ በፊት ይሰጥ። በቡድን በማኅበር መልክ መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አምስት አባላት ሲሆኑ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። ለአዳራሽ ደብዳቤ፣ ለባንክ ሒሳብና ለድጋፍ ጥያቄ ማኅተም ያለው ወረቀት በር ይከፍታል።

መብትን ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ የደራሲውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በሕዝብ ፊት ማቅረብም የመብቱ አካል ነው። ስለዚህ ዮፍታሔ የጻፈውን ዛሬ ያለ ፈቃድ መድረክ ላይ ማቅረብ ይቻላል፣ ስሙን መጥራት ግን ተገቢ ነው፤ የጸጋዬ ሥራ ግን እስከ 2048 ድረስ የወራሾቹን ፈቃድ ይጠይቃል። ሥራውን በድምፁ የሚያቀርበው ሰው፣ ተዋናይም ሆነ ሙዚቀኛ፣ የራሱ ተዛማጅ መብት አለው። ምሽቱን ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ መጫን የፈለገ አዘጋጅ አንድ ገጽ የፈቃድ ቅጽ ያዘጋጅ፦ ምን እንደሚቀረጽ፣ የት እንደሚለቀቅ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ገቢ ከመጣ እንዴት እንደሚካፈል። ከመድረክ በፊት ይፈረም። ከጭብጨባ በኋላ ሁሉም «ችግር የለም» ይላል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቪዲዮው ብዙ ሰው ሲያየው ግን ጠብ ይነሳል፤ ያኔ ያለ ወረቀት ማንም ማንንም አያምንም። የተቀረጸው ፋይል በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል ይሰየም፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መድበል ማሳተም ይመጣል። እዚህ ላይ የሚያታግለው ነገር የፊደል ዓይነት ነው። ከድሮ ኮምፒውተር በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ግጥም ወደ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ ወደሚያነብቡት የፊደል ሥርዓት) ሳይለወጥ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፣ ሲለወጥም አንዳንድ ፊደል ይሳሳታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ስንኝ ከዋናው ጋር ቃል በቃል ይመሳከር። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ አጻጻፋቸው በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ይሁን ወይስ በየገጣሚው ይተው የሚለው አስቀድሞ ይወሰን። እኔ የገጣሚውን መተው እመርጣለሁ፣ ቤት ሲመታ ዓይንም ያያልና። ማተሚያ ቤት አንዱን ትልቅ ወረቀት ሲያጥፈው አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ስለሚወጣ የገጹ ብዛት 96፣ 112፣ 128 እንዲሆን ማቀድ ባዶ ገጽ እንዳይተርፍ ያደርጋል። ረጅሙ ስንኝ በኪስ መጽሐፍ ስፋት ውስጥ ካልገባ ተሰብሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለእርሱ ሲባል ፊደሉን ከማሳነስ የመጽሐፉን ስፋት መጨመር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ሲሠራ የራሱ የደራሲው ጽሑፍ የት ይገባል? ትልቁ አደጋ ይህ ነው። የአዘጋጅነት ሥራ ወዲያው ምላሽ አለው፤ ስልክ ይደወላል፣ ሰው ያመሰግናል፣ አዳራሽ ይሞላል። ረጅም ልቦለድ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አያመሰግንበትም። ሰው ወደ ምስጋናው ያደላል፣ ቀስ በቀስም «ጊዜ አጣሁ» ማለት ይጀምራል። የሚሠራ ዘዴ አንድ ነው፤ የሁለቱ ሥራ ሰዓት መለየት። ጠዋት ስልክ ሳይከፈት ሁለት ሰዓት ለጽሑፍ፣ የአዘጋጅነት ስልክና ደብዳቤ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ በዝግጅቱ ሳምንት ጽሑፍ ቢቆም እንኳ በሚቀጥለው ሳምንት ምንም ቀጠሮ አይያዝ። በዓመት 12 ምሽት ከማዘጋጀት 9 አዘጋጅቶ ሦስቱን ወራት ለብዕር መተው ይሻላል፤ ክረምቱ ለዚህ ይመቻል፣ የቆርቆሮውም ጣጣ ይቀራል። ሌላው አደጋ መድረኩን የራስ ማድረግ ነው። አዘጋጅ በራሱ ዝግጅት ላይ በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ቢያነብ ተጋባዦቹ የእርሱ አጃቢ ይመስላሉ። የወዳጁን ደካማ ግጥም ካለፈለት ደግሞ ታዳሚው ነገሩን ይረዳል፣ አዘጋጁ የማያውቀው ገጣሚ ግን ጽሑፉን መላክ ያቆማል።

ስለ አዲስ አንባቢዎችም አንድ ነገር። ከሰባቱ አንባቢዎች ቢያንስ ሁለቱ መድረክ አይተው የማያውቁ ይሁኑ። ጽሑፋቸውን ከ10 ቀን በፊት ሲልኩ ሌሎቹ እንደሚደረግላቸው በሰዓት ይነበብላቸው፣ ከዝግጅቱ በፊት በነበረው ቀን አዳራሹ ውስጥ አንድ ጊዜ በማይክ ይለማመዱ። ከእነርሱ መካከል ሰዓት አክባሪና ጆሮ ያለው ሲገኝ አዘጋጁ ሥራውን ይከፋፍለው። መጀመሪያ የአንባቢዎችን ጽሑፍ መቀበልና መለካት፣ ቀጥሎ ከድምፅ ባለሙያው ጋር መነጋገር፣ ከዚያ የምሽቱን ቅደም ተከተል ማውጣት ይስጠው። የአዳራሹ ኃላፊና የድምፅ ባለሙያው ስልክ፣ የፈቃድ ቅጾቹና የበጀቱ መዝገብ በአንድ ደብተር ይቀመጡ፣ ደብተሩንም ሁለት ሰው ይወቀው። ብዙ ጥሩ ምሽቶች የቆሙት መሥራቹ ሲታመም ወይም አገር ሲለቅ ነው፤ ሌላው ቀርቶ አዳራሹ በማን ስም እንደተያዘ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት የአዳራሽ ውል በሁለቱም ስም ይፈረም።